ቢራ የሣለ ሠዓሊ አስተዋዋቂ ነው?

አንድ ሠዓሊ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጠርሙስ ቢራና አንድ ብርጭቆ ያስቀምጣል እንበል፡፡ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን በቡናማው ጠርሙስ አልፎ ጠረጴዛው ላይ የሚጥለውን ጥላ አይቶ ይሥላል፡፡ በማግሥቱ ሌላ ጠርሙስ፣ በሦስተኛው ቀን የድራፍት ጃምቦ፣ ከዚያም ባዶ ሳጥን፣ የተጣመመ ቆርኪ፣ አረፋው የደረቀበት ብርጭቆ፡፡ እንዲህ እያለ ሃያና ሠላሳ ሸራ ይሞላና ዐውደ ርእይ ልክፈት ይላል፡፡ በጠርሙሶቹ ላይ ያለው ስምና ዓርማ እንደነበረ ተሥሏል፡፡ ሠዓሊው የሣለው ያየውን ነውና፡፡

ጥያቄው ይህ ነው፡፡ ይህ ሰው የሠራው ሥነ ጥበብ ነው ወይስ የቢራ ማስታወቂያ?

የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም፡፡ አገር በስንት ጉዳይ ተወጥሮ ባለበት ሰዓት የጠርሙስ ሥዕል ምን ይፈይድልናል ቢባል ተገቢ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ሕግ የሚፈተነው ዳር ዳሩ ላይ ነው፡፡ በቴሌቪዥን ‹‹ጠጡ›› እያለ የሚዘፍን ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑን ለማወቅ የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም፡፡ ችግሩ የሚመጣው ሕጉ ለአንድ ዓላማ ከወጣ በኋላ፣ ሕግ አውጪው ፈጽሞ ያላሰበው ሰው በሩ ላይ ሲቆም ነው፡፡

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፡፡ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም መጠጥ እንዳይሸጥ ከለከለ፡፡ ይህ ጸሐፊ ክልከላውን ሲደግፍ ነበር፣ ዛሬም ይደግፋል፡፡ ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፡፡ የበዓል ፕሮግራም ያለ ቢራ ፋብሪካ ስፖንሰርነት የሚታሰብ አልነበረም፡፡ እስክስታው፣ ሩጫው፣ ፈረሱ፣ ተራራው፣ ጀግንነቱ፣ ፍቅሩ ሁሉ መጨረሻው አንድ ጠርሙስ ነበር፡፡ ከቆርኪ ሥር ሽልማት ይወጣል እየተባለ ሰው ጥሙን ሳይሆን ዕድሉን ይጠጣ ነበር፡፡ ልጆች ከፊደል ቀድመው የቢራ ዜማ ያጠኑ ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም፡፡

ከዚያ ሁሉ ጎርፍ በስተጀርባ ትልቅ ገንዘብ ነበር፡፡ የፈረንሳዩ ካስቴል በቢጂአይ በኩል እ.ኤ.አ. በ1998 ቅዱስ ጊዮርጊስን ከመንግሥት ገዛ፡፡ ሄኒከን በ2011 ሐረርንና በደሌን ጠቀለለ፡፡ ዲያጆ በ2012 ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ እሱም ለቢጂአይ አስረከበ፡፡ በመሀሉ ዋልያ፣ ሐበሻ፣ ራያና ዘቢዳር ገበያውን ተቀላቀሉ፡፡ ይህን ያህል ያወጣ ባለሀብት ደግሞ ዝም ብሎ ደንበኛ አይጠብቅም፡፡ ማስታወቂያው የፉክክሩ ዋና መሣሪያ ነበርና ሕጉ መሣሪያውን ቀማ፡፡ እዚህ ድረስ የሚያከራክር ነገር የለም፡፡

የሚያከራክረው ‹‹ማስታወቂያ›› የሚለው ቃል ነው፡፡ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያን ሲተረጉም የምርትን ወይም የአገልግሎትን ሽያጭ የሚያበረታታውን ብቻ አላለም፡፡ ስምን፣ ዓርማን፣ የንግድ ምልክትን የሚያስተዋውቀውንም ጨምሯል፡፡ ትርጉሙ እንዲህ የሰፋው በበቂ ምክንያት ነው፡፡ ነጋዴ ብልጥ ነው፤ ‹‹ግዙ›› አትበል ቢሉት ስሙን ብቻ ጽፎ ዝም ይላል፣ ሁሉም ይገባዋል፡፡ ግን ይኸው ሰፊ መረብ ለጥበቡ ሲል ዓርማውን የሣለውንም ሰው ሊያነሳ ይችላል፡፡ ሥዕሉ ላይ ስም አለ፣ ዓርማ አለ፣ ሰው ያየዋል፡፡ አንድ ጠንቃቃ የቢሮ ኃላፊ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ አለ፡፡ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲዘረዝር በቃል፣ በጽሑፍ፣ በኅትመት ካለ በኋላ በሥነ ጥበብ መልክ የሚለውንም በግልጽ አስፍሯል፡፡ ይህ ቃል እዚያ የገባው ለጌጥ አይደለም፡፡ እርግጥ ያው አንቀጽ ገደብም ያውቃል፤ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ገደብ ሊደነገግ እንደሚችል ይናገራል፡፡ ስለዚህ የቢራ ማስታወቂያ ክልከላ ሕገ መንግሥታዊ መሠረት አለው፤ ሠዓሊውም አለው፡፡ ሁለቱ የሚገናኙበትን ድንበር ማስመር የሕግ ባለሙያ ሥራ ነው፡፡ ለማስመር ግን በመጀመሪያ ሥዕልና ማስታወቂያ ቢራን የሚያዩበት ዓይን አንድ ነው ወይ የሚለውን መመልከት ያስፈልጋል፡፡ ለዚህ ደግሞ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ከአገርም ጥቂት ወጣ ማለት ሊኖርብን ነው፡፡

ሠዓሊዎች ‹‹ስቲል ላይፍ›› የሚሉት ሥዕል ሰው የሌለበት፣ ዕቃና ምግብ ብቻ የሚታይበት ሥዕል ነው፡፡ ፈረንሳዮች ‹‹የሞተ ተፈጥሮ›› ይሉታል፡፡ ሥነ ጥበብ የሚማር ልጅ መጀመሪያ ከሚሰጡት መልመጃዎች አንዱ ስለሆነ ብዙዎች እንደ ልምምድ ብቻ ያዩታል፡፡ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሆላንድ ግን ራሱን የቻለ ትልቅ ሙያ ነበር፡፡ ከማዕከሎቹ አንዷ ደግሞ ሐርለም ነበረች፡፡ ሐርለም የጠማቂዎች ከተማ ናት፡፡ ከባሕሩ ዳር ከአሸዋ ኮረብቶች ንጹሕ ውኃ ይመጣላታል፤ ጠማቂዎቿ ሀብታሞችና የከተማዋን አስተዳደር የሚዘውሩ ሰዎች ነበሩ፡፡ ፒተር ክላስና ቪለም ክላስ ሄዳ የተባሉት ሁለት ሠዓሊዎች ሕይወታቸውን ያሳለፉት እዚያ ነው፡፡

ሥራቸው ‹‹የቁርስ ሥዕል›› ይባላል፡፡ ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ዳቦ፣ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ፣ ረጅም ብርጭቆ ቢራ፡፡ ቢራ ለቁርስ መሆኑ የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር የኛን ቅራሪ ያስታውስ፡፡ ቀጭን ቢራ በዚያ ዘመን በአውሮፓ የዕለት መጠጥ ነበር፤ ሕፃን አዋቂ ሳይባል ይጠጣ ነበር፡፡ ሁለቱ ሠዓሊዎች ቀለም ይቆጥባሉ፤ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ትንሽ ቢጫ፡፡ ከቢራው ውስጥ የሚወጣው ብርሃን ሥዕሉን ሁሉ ይይዘዋል፡፡ ቆም ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል፡፡ በብዙዎቹ ሥዕሎች ገበታው የተሟላ አይደለም፡፡ ሎሚው ግማሽ ተልጦ ልጣጩ ተንጠልጥሏል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ አንዱ ዋንጫ በጎኑ ወድቋል፣ አልፎ አልፎም ብርጭቆ ተሰብሯል፡፡ ሰው እዚህ ነበረ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተነስቶ ሄደ፡፡ ደስታው ያልፋል፣ አንተም ታልፋለህ ይላሉ ሥዕሎቹ፣ ያለ አንዳች ቃል፡፡

ማስታወቂያ ይህን ፈጽሞ አያደርገውም፡፡ በሕይወቴ ስንት የቢራ ማስታወቂያ እንዳየሁ እግዚአብሔር ይወቀው፣ በአንዱም ላይ ግን ባዶ ጠርሙስ ዋናው ነገር ሆኖ አላየሁም፡፡ የማስታወቂያው ጠርሙስ ሁሌ ሙሉ ነው፣ ሁሌ ላቡ ጠብ ይላል፣ ሁሌ ሊከፈት ነው ወይም አሁን ተከፈተ፡፡ ማግሥቱ የለም፡፡ ሒሳብ የለም፡፡ ሌሊት በር የሚከፍት ሚስት የለችም፡፡ የግዑዝ ነገር ሠዓሊ ግን ባዶውን ጠርሙስ አስቀምጦ ሲያየው ሊውል ይችላል፡፡ ሁለቱን በዓርማቸው አንድ ነው ብሎ መፈረጅ ሬሳ የሚያጥብ ሰውና ፀጉር የሚያስተካክል ሰው ሁለቱም ውኃና ሳሙና ስለያዙ ሙያቸው አንድ ነው እንደማለት ነው፡፡

ሥዕል ሁሉ ንጹሕ ነው ለማለት ግን አይደለም፡፡ እንግሊዛዊው ዊልያም ሆጋርዝ እ.ኤ.አ. በ1751 ‹‹የቢራ ጎዳና››ና ‹‹የጂን መንደር›› የተባሉትን ሁለት ኅትመቶች ሲያወጣ ሆን ብሎ ለቅስቀሳ ነው የሠራቸው፡፡ ሎንደን በርካሽ ጂን ተጥለቅልቃ ነበር፡፡ በአንደኛው ሥዕል ጂን የጠጣች እናት ልጇ ከእጇ ሲወድቅ አታውቅም፤ በሌላው ቢራ የሚጠጡት ሁሉ ወፍራሞች፣ ደስተኞችና ሠራተኞች ናቸው፡፡ በዚያው ዓመት ፓርላማው የጂንን ችርቻሮ የሚያጠብቅ ሕግ አወጣ፡፡ እዚህ ላይ ሥዕል ለሕግ አገልግሏል፣ ለቢራም ነፃ ማስታወቂያ ሆኗል፡፡ የሚገርመው ሆጋርዝ ራሱ ችግሩን ያወቀው ይመስላል፡፡ ደስታ በሞላበት በቢራው ጎዳና ላይ ልብሱ የተቀዳደደ አንድ ሠዓሊ መሰላል ላይ ቆሞ የመጠጥ ቤት ሰሌዳ ይሥላል፤ አጠገቡ ጠርሙስ ተንጠልጥሏል፣ እሱን እያየ ይቀዳል፡፡ የሚቀዳው የጂን ጠርሙስ ነው፡፡ ጠርሙስ አስቀምጦ መሣል ብቻውን ሠዓሊ አያደርግም፣ አስተዋዋቂም አያደርግም፤ ማን አሠራህ፣ ለማን ነው የምትሠራው የሚለው ነው ልዩነቱ፡፡ ይህን ነጥብ ይዘን እንቀጥል፡፡

ለእኛ ለሕግ ሰዎች የሚጣፍጠው የባስ ቢራ ታሪክ ነው፡፡ እንግሊዝ የንግድ ምልክት ምዝገባ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1875 አወጣችና መዝገቡ ጥር 1 ቀን 1876 ተከፈተ፡፡ ቁጥር አንድ ሆኖ የተመዘገበው የባስ ቢራ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው፡፡ ስድስት ዓመት አልፎ፣ በ1882፣ ፈረንሳዊው ኤድዋር ማኔ ‹‹በፎሊ በርዤር ያለ ቡና ቤት›› የተባለውን የመጨረሻ ትልቅ ሥራውን አቀረበ፡፡ መሀል ላይ የደከማት አስተናጋጅ ቆማለች፤ ከፊቷ በእብነ በረዱ ባንኮኒ ላይ የሻምፓኝ ጠርሙሶች፣ ብርቱካን የሞላበት የመስታወት ሳህን፣ አበባ የያዘ ብርጭቆ፣ በግራም በቀኝም ቀይ ሦስት ማዕዘን ያለባቸው የቢራ ጠርሙሶች፡፡ ሰውየዋን ብንሸፍናት የሚቀረው ሙሉ የግዑዝ ነገር ሥዕል ነው፡፡ ማኔ ፊርማውን ያኖረውም በአንዱ ጠርሙስ ጽሑፍ ላይ ነው፡፡ እንግሊዝ አገር በመጀመሪያ የተመዘገበው የንግድ ምልክት እንዲህ ሆኖ በፈረንሳይ ሥዕል ውስጥ ገባ፤ ሥዕሉም ዛሬ ሎንደን ኮርቶልድ ቤተ መዘክር ይገኛል፡፡ በ1910ዎቹ ፒካሶ የባስን ጠርሙስ በተደጋጋሚ ወስዶ እየቆራረጠ፣ እየገጣጠመ ተጫውቶበታል፡፡

አሜሪካኖቹ ደግሞ ነገሩን ወደ ቀልድ ወሰዱት፡፡ ሠዓሊው ቪለም ደ ኩኒንግ ስለ ሥዕል ነጋዴው ስለ ሊዮ ካስቴሊ ሲያማ፣ ያ ሰው ሁለት የቢራ ቆርቆሮ ብትሰጠው ይሸጥልሃል አለ ይባላል፡፡ ጃስፐር ጆንስ ይህን ሰማና እ.ኤ.አ. በ1960 ሁለት የባለንታይን ቢራ ቆርቆሮዎችን በነሐስ አፍስሶ፣ ጽሑፋቸውን በእጁ ቀባ፡፡ አንዱ የተከፈተና ባዶ ነው፣ ሌላው የታሸገና ከባድ፡፡ ካስቴሊ ሸጣቸው፡፡ በ1973 በጨረታ እንደገና ሲሸጡ 90,000 ዶላር አወጡ፡፡ ያንን ዋጋ የከፈለ ሰው ቢራ ጠምቶት ነበር የሚል ካለ ይቅረብ፡፡

እስካሁን ያልናቸው አገሮች ሀብታሞች ናቸው፣ ለጥበብም ለፍርድ ቤትም ጊዜ አላቸው ይባል ይሆናል፡፡ ስለዚህ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንሂድ፡፡ ‹‹ላፍ ኢት ኦፍ›› የተባለ አነስተኛ ድርጅት የታወቁ ዓርማዎችን እያጣመመ ቲሸርት ያትም ነበር፡፡ ካርሊንግ ብላክ ሌብል የሚባለውን የቢራ ዓርማ ወሰደና ቅርጹን እንዳለ ትቶ ቃሉን ቀየረው፤ ‹‹የጥቁር ጉልበት፣ የነጭ ጸጸት›› የሚል ትርጉም ያለው ሆነ፡፡ ግዙፉ የደቡብ አፍሪካ ቢራ ኩባንያ ከሰሰ፡፡ በከፍተኛው ፍርድ ቤት አሸነፈ፡፡ በሰበር ሰሚውም አሸነፈ፡፡ ጉዳዩ ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን፣ ግንቦት 2005 (እ.ኤ.አ.)፣ ዳኛ ዲክጋንግ ሞሴኔኬ የጻፉት ውሳኔ ሁሉንም ገለበጠው፡፡ ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ የንግድ ምልክት የሚጠበቀው የባለቤቱን የገበያ ጥቅም ነው፤ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት በሚነካበት ጊዜ ባለቤቱ ከባድ የኢኮኖሚ ጉዳት ሊደርስበት እንደሚችል በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ ተቀየምኩ፣ ተሰደብኩ ማለት አይበቃም፡፡ ኩባንያው ሽያጩ እንደሚቀንስ አላሳየም፤ ተረታ፡፡

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 (እ.ኤ.አ.) የወሰነው የጃክ ዳንኤል ጉዳይ የሳንቲሙን ሌላ ገጽ ያሳያል፡፡ የውስኪ ጠርሙስ አስመስሎ የውሻ መጫወቻ የሠራ ነጋዴ ‹‹ቀልድ ነው፣ ሐሳቤን ነው የገለጽኩት›› ብሎ ተከራከረ፡፡ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ፣ የሌላውን ምልክት የራስህን ዕቃ መሸጫ ምልክት አድርገህ ከተጠቀምክ የጥበብ ከለላው ልዩ መብት አይሰጥህም አሉት፡፡ ሁለቱ ውሳኔዎች የተለያየ አገር፣ የተለያየ ሕግ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚጠይቁት ዓርማው ታየ ወይ ብለው አይደለም፡፡ የሚጠይቁት ዓርማው ምን እየሠራ ነው ብለው ነው፡፡

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፡፡ በእኛ አገር የሥዕልና የቢራ ግንኙነት የተጀመረው ሠዓሊ ቢራ ስለሣለ አይደለም፤ ቢራ ሥዕል ስለወሰደ ነው፡፡ ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ፣ በየብራናው፣ በየሰው ቤት ከሚታዩት ሥዕሎች የታወቀው ነው፡፡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ፋብሪካ ይህን ሥዕል ጠርሙሱ ላይ ለጠፈው፡፡ ዛሬ ግሮሰሪ ገብቶ ‹‹ሁለት ጊዮርጊስ፣ አንድ ሜታ›› የሚል ሰው ስለ ሰማዕት እያወራ መሆኑን ልብ አይልም፡፡ ሜታም ሙሉ ስሙ ‹‹አቦ›› ይጨምራል፡፡ ዳሸን የተራራችንን፣ ዋልያ የብርቅ እንስሳችንን፣ ሐበሻ ደግሞ የሁላችንንም ስም ይዟል፡፡ የጋራ የሆነውን ነገር ኩባንያ ወስዶ፣ አስመዝግቦ፣ ባለቤት ሆኖበት ሲያበቃ፣ ሠዓሊው ያንኑ መልሶ ሸራ ላይ ሲያኖረው ‹‹ዓርማ ነካህ›› ቢባል ፍትሕ አይመስለኝም፡፡ ቅዱስ ጊዮርጊስን በጠርሙስ ላይ፣ ጠርሙሱን በባዶ ጠረጴዛ ላይ የሣለ ሰው ስለዚህ አገር የሚናገረው ነገር አለው፡፡ ምን እንደሚናገር ተመልካች ይፍረደው፡፡

እንግዲህ መስመሩ የት ይሁን? የኔ አስተያየት ግልጽ ነው፡፡ መመዘኛው በሸራው ላይ የሚታየው ነገር ሊሆን አይገባም፤ ከሸራው በስተጀርባ ያለው ውል ነው መታየት ያለበት፡፡ ማን ከፈለ? ሥዕሉ ምን ይምሰል የሚለውን ማን ወሰነ? ሥዕሉ ሲታይ የሚጠቀመው ማን ነው? ሠዓሊው በራሱ ገንዘብ ሸራና ቀለም ገዝቶ፣ በራሱ ዓይን አይቶ የሣለው፣ ስሙን ፈርሞ ለሽያጭ ያቀረበው ሥራ የሚሸጠው ሥዕል እንጂ ቢራ አይደለም፡፡ ፋብሪካ ከፍሎት በአንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ትልቅ ጠርሙስ የሣለ ሰው ግን የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከየትኛውም ትምህርት ቤት ቢመረቅ፣ ማስታወቂያ ነው የሠራው፡፡ በፋብሪካ ቀለም የተቀቡትን ግሮሰሪዎች ጥበብ ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ገና አላየሁም፡፡

እዚህ ላይ የጤና ባለሙያዎች የሚያነሱት ተቃውሞ አለ፤ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም፡፡ ለወጣቱ ዓይን ልዩነቱ ምንድን ነው ይላሉ፡፡ ጠርሙሱን ማንም ይሣለው ማን፣ ውብ ሆኖ ከታየ መጠጡን ያለማምዳል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ማለቱን ይጠቅሳሉ፡፡ ክርክሩ ይገባኛል፡፡ ነገር ግን ማለማመድን ሁሉ እንከልክል ካልን ዘፈኑም፣ ልብ ወለዱም፣ ብርሌ ይዘው በረድፍ የተቀመጡ ሰዎች የሚታዩበት የጥንቱ የግብር ሥዕልም ሊወርድ ነው፡፡ ሕግ አውጪው የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ የመረጠው መንገድ የንግዱን ድምፅ መዝጋት ነው፡፡ ገደብ ደግሞ በጠባቡ ይተረጎማል፤ የሕግ ትምህርት ቤት የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው፡፡

የበለጠ የሚያሳስበኝ ከሌላ በኩል የሚመጣው ነው፡፡ ቢራ ፋብሪካዎች የቴሌቪዥኑ በር ከተዘጋባቸው በኋላ ሌላ በር መፈለጋቸው አይቀርም፡፡ ሥነ ጥበባችን ደግሞ ድሃ ነው፡፡ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ቢናገርም፣ ሠዓሊ ለዐውደ ርእይ አዳራሽ ሲከራይ፣ ካታሎግ ሲያሳትም ከኪሱ ነው፡፡ በዚህ መሀል አንድ የገበያ ክፍል ኃላፊ መጥቶ ‹‹ወንድም፣ ሥራህን ወደነዋል፣ ካታሎጉን እናሳትምልህ፣ ለመክፈቻው ምሽትም መጠጡን እኛ እንችላለን›› ቢለው እምቢ የሚል ስንቱ ነው? እሺ ያለ ዕለት ግን ከላይ የደረደርኳቸው ጥያቄዎች መልሳቸው ይቀየራል፡፡ ሥዕሉ ያው ነው፤ አንድ የቀለም ጠብታ አልተጨመረበትም፤ ግን ከፋይ መጣ፡፡ ባዶ ጠርሙስ የሚታይበትን ሸራ ‹‹ይኼኛውን ለጊዜው እንተወው›› ቢሉት ደግሞ ወሳኝም መጣ ማለት ነው፡፡ ምክር የሚጠይቀኝ ሠዓሊ ቢኖር ለመክፈቻው ምሽት ሻይና ዳቦ ቆሎ በራስህ ግዛ እለዋለሁ፡፡ ደረሰኙንም ያስቀምጥ፡፡

ከአስፈጻሚው በኩል የሚጠበቀው ብዙ አይደለም፡፡ አዋጅ ማሻሻል እንኳ አያስፈልግም፤ አንድ አንቀጽ ያላት መመሪያ ትበቃለች፡፡ ከአልኮል አምራች፣ አስመጪ ወይም አከፋፋይ ጋር የጥቅም ግንኙነት ሳይኖር የተሠራ የሥነ ጥበብ ሥራ እንደ ማስታወቂያ አይቆጠርም፤ ግንኙነት መኖሩን የማስረዳት ሸክም በከሳሹ ወገን ላይ ነው፡፡ ይኼው ነው፡፡ ይህ ካልተጻፈ የሚሆነውን ማንም ሊገምት ይችላል፡፡ ክስ አይመሠረትም፣ ፍርድ ቤትም አይደርስም፡፡ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ‹‹ችግር ያመጣብናል›› ብሎ ቀን ይነፍገዋል፣ ማተሚያ ቤቱ ‹‹ደብዳቤ አምጣ›› ይለዋል፡፡ በዚህ አገር ነፃነት የሚታጣው በአብዛኛው በውሳኔ አይደለም፤ ‹‹ነገ ተመለስ›› በመባል ነው፡፡

አንድ የቀረ ከባድ ጥያቄ አለ፣ እሱን ሳላነሳ ባልፍ የሙያ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፡፡ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሥዕል ይሁን ተብሎ ቢታለፍ፣ ቴሌቪዥን ለባህል ዜናው መጥቶ ቢቀርጸውስ? አሁን ዓርማው በብሮድካስት ሊተላለፍ ነው፤ አዋጁ በቀጥታ የሚናገረው ስለዚሁ ነው፡፡ በኔ አተረጓጎም ዜናው ዜና ነው፤ ጣቢያው ከፋብሪካው ያገኘው ጥቅም ከሌለ አላስተዋወቀም፡፡ ነገር ግን ካሜራውን የተሸከመውን ልጅ፣ ከሱ በላይ ያለውን አርታዒ፣ ከአርታዒው በላይ ያለውን ኃላፊ አውቃቸዋለሁ፡፡ ሠዓሊው ወር ሙሉ የደከመበት ያ የጠርሙስ ጽሑፍ በዜናው ሰዓት ተደብዝዞ፣ ግራጫ አራት ማዕዘን ተለጥፎበት ነው የሚታየው፡፡